ለብሎን የሚበጅ ቀዳዳ፦ የጥርስ ልኬት እንዴት ይነበባል?

የማሽን ክፍሎችን እርስ በርሳቸው አጥብቆ የሚይዝ ብሎን በሁለት መንገድ ይታሰራል፤ አንዱ ብሎኑን በክፍሎቹ ውስጥ አሳልፎ ከወዲያኛው ወገን በዳዶ መያዝ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ በራሱ በማሽኑ አካል ላይ በተበሳና ጥርስ በወጣለት ቀዳዳ ውስጥ ጠምዝዞ ማስገባት ነው። ካንዴላ በሞተር ቴስታታ ላይ፣ ክዳን በውኃ ፓምፕ ላይ፣ እንዲሁም ብዙ ዓይነት መያዣና ሽፋን በማሽን አካል ላይ የሚታሰሩት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ ፑንታ በሚባለው መሰርሰሪያ ለስላሳ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ቀጥሎም ታፕ የሚባለው፣ መልኩ ብሎን የሚመስል ነገር ግን ስለታም ጠርዞችና ቁመቱን ይዘው የወረዱ ቦዮች ያሉት ጠንካራ መሣሪያ በቀዳዳው ውስጥ እየተጠመዘዘ ግድግዳውን ቆርጦ ጥርስ ያወጣል።

ታፑ የጥርሱን ቅርጽ በራሱ ላይ ይዞ ስለሚመጣ ሠራተኛው በእሱ ላይ ብዙም ምርጫ የለውም፤ ምርጫው ያለው በመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም ቀዳዳው ምን ያህል ይስፋ በሚለው ላይ ነው። መልሱ በየወርክሾፑ ከሚገኝ ሰንጠረዥ ላይ በቀላሉ ይነበባል፤ ለምሳሌ ኤም 10 ተብሎ ለሚጠራው ብሎን 8.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ለአብዛኛው ሥራ የሚስማማ ምክር እንጂ የጥርሱ ሕጋዊ ልኬት አይደለም፤ ልኬቱ በታችና በላይ በሁለት ወሰኖች የታጠረ ክልል ሲሆን፣ በዚያ ክልል ውስጥ የትኛውን ፑንታ መጠቀም እንደሚገባ መወሰን ለሠሪው የተተወ ነው። ምክሩንና ልኬቱን ለይቶ አለማንበብ ለተሰበረ ታፕም፣ ለተበላ ጥርስም፣ በገዥና በሠሪ መካከል ለሚነሣ ክርክርም መነሻ ይሆናል።

የጥርስ ሦስት ዲያሜትሮች

የብሎን ጥርስ በተራራ ዙሪያ እየተጠመዘዘ እንደሚወጣ መንገድ በአንድ ዘንግ ላይ ሳይቋረጥ የሚዞር አንድ ጉብታ ነው። ጉብታው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ወደ ፊት የሚራመደው ርቀት፣ ማለትም ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት፣ ፒች ይባላል። ኤም 10 × 1.5 ተብሎ ሲጻፍ «ኤም» ጥርሱ በሜትሪክ ሥርዓት የተሠራ መሆኑን፣ «10» የብሎኑ የውጭ ስፋት በስም 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ «1.5» ደግሞ ፒቹ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል መሆኑን ያመለክታል።

አንድ ጥርስ ግን በአንድ ዲያሜትር ብቻ አይገለጽም። ከጥርሱ የውጭ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ የሚለካው ትልቁ ዲያሜትር ነው፤ ብሎኑ ስሙን የሚያገኘውም ከዚሁ ነው። ጥርስ በወጣለት ቀዳዳ ውስጥ ወደ መሐል የሚያዩት የጥርሶቹ ጫፎች የሚተዉት ክፍት ስፋት ትንሹ ዲያሜትር ይባላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ የጥርሱ ውፍረትና በጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት እኩል የሚሆኑበት ምናባዊ መስመር መካከለኛውን ዲያሜትር ይሰጣል። ብሎንና ቀዳዳ ጎን ለጎን ተገጣጥመው ሸክም የሚካፈሉት በዚህ በመካከለኛው ዲያሜትር አካባቢ ስለሆነ የግጥሙ ጥብቀት ወይም ልልነት የሚወሰነው በእሱ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱን፣ ትልቁንና መካከለኛውን፣ በቀዳዳው ውስጥ የሚቀርጸው ታፑ ነው፤ ትንሹን ዲያሜትር የሚወስነው ግን አስቀድሞ የገባው ፑንታ ነው። ታፑ የቀዳዳውን ግድግዳ በቦይ ቅርጽ እየቆረጠ ወደ ውጭ ይገባል እንጂ በቦዮቹ መካከል የሚቀረውን ጫፍ አይነካም፤ ስለዚህም ፑንታው የተወው ስፋት ጥርሱ ካለቀ በኋላም የጥርሱ ትንሹ ዲያሜትር ሆኖ ይቀራል። የቀዳዳ ልኬት ማለት ከዚህ አንጻር ሲታይ የትንሹ ዲያሜትር ልኬት ማለት ነው።

በሥራ ንድፍ ላይም ይህ ልዩነት በመስመር ይታያል። ጥርስ ያለው ቀዳዳ ከፊት ሲሣል ትንሹ ዲያሜትር በወፍራም መስመር ሙሉ ክብ ሆኖ ይሠራል፤ ትልቁ ዲያሜትር ደግሞ ከእሱ ውጭ በቀጭን መስመር ሦስት ሩብ ብቻ ሆኖ፣ ማለትም አንድ አራተኛው ክፍት ቀርቶ፣ ይሣላል። ወፍራሙ ክብ ፑንታው የሚተወው ጠርዝ ሲሆን፣ ቀጭኑ ታፑ ገብቶ የሚቆምበት ጥልቀት ነው።

ከስም ወደ ቀዳዳ

በሜትሪክ ሥርዓት ለሚቆርጥ ታፕ የሚያስፈልገውን ቀዳዳ ለማግኘት ያለው ደንብ እጅግ ቀላል ነው፤ ከብሎኑ ስም ላይ ፒቹ ይቀነሳል። ለኤም 10 × 1.5 ከ10 ላይ 1.5 ሲቀነስ 8.5 ይሆናል፤ ለኤም 6 ፒቹ 1 ስለሆነ 5 ይሆናል፤ ለኤም 12 ፒቹ 1.75 ስለሆነ 10.25 ይመጣና በገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው 10.2 ፑንታ ይወሰዳል። ለኤም 8 ደግሞ ስሌቱ 6.75 ቢሰጥም የተለመደው ፑንታ 6.8 ነው።

ደንቡ የሚሠራው የጥርሱ ቅርጽ በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነው። የሜትሪክ ጥርስ ሁለት ጎኖች እርስ በርሳቸው 60 ዲግሪ ይሠራሉ፤ ሙሉው ሦስት ማዕዘን ቁመቱ የፒቹን 0.866 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ስለታም ጫፍ በቀላሉ ስለሚሰበር ከላይም ከታችም ተቆርጦ ጠፍጣፋ እንዲሆን ተደርጓል። በዚህ ስሌት መሠረት የቀዳዳው ትንሹ ዲያሜትር በስም ልኬቱ ከትልቁ ዲያሜትር ላይ የፒቹ 1.0825 እጥፍ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ለኤም 10 ውጤቱ 8.376 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ፒቹን ብቻ የሚቀንሰው የወርክሾፕ ደንብ ከዚህ ጥቂት የሰፋ ቀዳዳ የሚሰጠውም ለሥራ ምቾት ሆን ተብሎ ነው።

ፒቹ በስሙ ላይ ካልተጻፈ ለዚያ ስፋት የተመደበው ሻካራ ፒች እንደሆነ ይወሰዳል፤ ኤም 10 ብቻ ሲባል 1.5 ነው። ይሁን እንጂ ኤም 10 በ1.25 እና በ1 ፒችም ስለሚሠራ ቀዳዳው እንደ ቅደም ተከተላቸው 8.8 እና 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመኪና ጥገና ላይ ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው ካንዴላ ነው፤ በብዙ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የካንዴላ ጥርስ ኤም 14 × 1.25 ሲሆን፣ የኤም 14 ሻካራ ፒች ግን 2 ነው። ቁጥሩን ሙሉ ሳያነብ ለኤም 14 የሚሆነውን የ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ ያነሣ ሠራተኛ ለካንዴላው ከሚያስፈልገው 12.8 አካባቢ በጣም የጠበበ ቀዳዳ ያገኛል።

አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ወሰን

በሥራ ንድፍ ላይ ከጥርሱ ስም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ «6ኤች» የሚል ምልክት ይከተላል። ይህ ምልክት ከትክክለኛው ልኬት ምን ያህል መራቅ እንደሚፈቀድ የሚናገር ሲሆን፣ በሙያው ቋንቋ ቶለራንስ ይባላል። ቁጥሩ የጥብቀቱን ደረጃ ያሳያል፤ 5 ከ6 የጠበቀ፣ 7 ደግሞ ከ6 የላላ ነው። ፊደሉ የተፈቀደው ክልል ከየት እንደሚጀምር ይገልጻል፤ «ኤች» ሲሆን የታችኛው ወሰን ልክ በስም ልኬቱ ላይ ያርፋል፤ «ጂ» ሲሆን ግን ክልሉ በሙሉ ጥቂት ወደ ላይ ይገፋል። ፊደሉ በትልቁ የላቲን ፊደል ሲጻፍ ስለ ቀዳዳ፣ በትንሹ ሲጻፍ ስለ ብሎን ይናገራል። እንደ «5ኤች 6ኤች» ያለ ድርብ ምልክት ሲገኝ የመጀመሪያው መካከለኛውን ዲያሜትር፣ ሁለተኛው ትንሹን ዲያሜትር ይመለከታል፤ አንድ ብቻ ሲጻፍ ለሁለቱም ያገለግላል።

በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ በአይኤስኦ፣ ቁጥር 965 በተሰየመው የሜትሪክ ጥርስ የቶለራንስ ደረጃ መሠረት ኤም 10 − 6ኤች ለትንሹ ዲያሜትር የሚሰጠው ክልል ከ8.376 እስከ 8.676 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመካከላቸው 0.3 ሚሊ ሜትር አለ። ለኤም 6 ክልሉ ከ4.917 እስከ 5.153፣ ለኤም 8 ከ6.647 እስከ 6.912፣ ለኤም 12 ደግሞ ከ10.106 እስከ 10.441 ነው። በሰንጠረዥ የሚገኙት 5፣ 6.8፣ 8.5 እና 10.2 ፑንታዎች ሁሉ በእነዚህ ክልሎች ውስጥ የሚያርፉ ናቸው። ፑንታ ከራሱ ስፋት በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ መተው ልማዱ ስለሆነ፣ ከታችኛው ወሰን ጥቂት ከፍ፣ ከላይኛው ደግሞ በቂ ዝቅ ያለ ፑንታ መምረጥ ለዚህ መስፋት ቦታ ይተውለታል።

አንባቢን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ንድፉ የፑንታውን ስፋትና የጥርሱን ስም አንድ ላይ ሲጽፍ ነው። በንድፉ ላይ 8.5 የሚል ዲያሜትር ያለ ቶለራንስ ቢጻፍና በንድፉ ግርጌ ቶለራንስ ያልተሰጣቸው ልኬቶች ሁሉ አይኤስኦ 2768ን በመካከለኛ ደረጃ ይከተላሉ የሚል ማስታወሻ ቢኖር፣ ከ6 በላይ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ላለ ልኬት የሚፈቀደው ልዩነት 0.2 ወደ ላይና 0.2 ወደ ታች ስለሆነ ከ8.3 እስከ 8.7 ያለ ቀዳዳ ሁሉ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን 8.3 ከጥርሱ የታችኛው ወሰን ያነሰ፣ 8.7 ደግሞ ከላይኛው ወሰን ያለፈ ነው፤ ሁለቱም በአጠቃላዩ ማስታወሻ ሲዳኙ ያልፋሉ፣ በጥርሱ ደረጃ ሲዳኙ ይወድቃሉ። ክፍሉ የሚያስፈልገው ለጥርሱ ሲባል ስለሆነ ገዥው ልኬት የጥርሱ ነው፤ የፑንታው ቁጥር ለሠሪው የተሰጠ ማመላከቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ጥንቁቅ ንድፍ አውጪም የፑንታውን ቁጥር ጨርሶ ሳይጽፍ ኤም 10 − 6ኤች ብሎ ይተዋል፤ መጻፍ ካስፈለገም ሁለቱን ወሰኖች አብሮ ያስቀምጣል።

የጠበበ ቀዳዳ ጠንካራ ጥርስ ይሰጣልን?

ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር የጥርሱ ቁመት ይጨምራል፤ ከዚህ ተነሥቶም ጠባብ ቀዳዳ የተሻለ ጥንካሬ ይሰጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በሙያው የጥርሱ ቁመት በመቶኛ ይገለጻል፤ በተለመደው ስሌት የጥርሱ ስም ከቀዳዳው ስፋት ጋር ያለውን ልዩነት ለፒቹ 1.299 እጥፍ በማካፈል ይገኛል። ፒቹን የሚቀንሰው ደንብ በማንኛውም የሜትሪክ ጥርስ ላይ 77 በመቶ ያህል ቁመት ይሰጣል። በማሽን ሥራ መማሪያዎች በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት ደግሞ መቶ በመቶ ቁመት ያለው ጥርስ 75 በመቶ ቁመት ካለው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ሲጠነክር፣ ታፑን ለማዞር ግን ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል የሚል ነው።

የዚህ ምክንያት በጥርሱ ቅርጽ ውስጥ ይገኛል። ብሎን ከመጠን በላይ ሲጠበቅ የቀዳዳው ጥርስ የሚላጠው ከሥሩ፣ ማለትም በብሎኑ ትልቁ ዲያሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያ ቦታ የጥርሱ ውፍረት በፒቹና በመካከለኛው ዲያሜትር ስለሚወሰን ቀዳዳው 8.4 ሆነ 8.6 ለውጥ አያመጣም። ቀዳዳው ሲሰፋ የሚጎዳው የብሎኑ ጥርስ ነው፤ ምክንያቱም የብሎኑ ጥርስ የሚላጠው የቀዳዳው ጥርስ ጫፍ በሚደርስበት ቦታ ስለሆነ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ሲሸሽ የሚይዘው የብሎኑ ጥርስ ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። በኤም 10 ስም ልኬት ሲሰላ ቀዳዳው ከ8.376 ወደ 8.676 ሲሰፋ ይህ የብሎን ጥርስ ስፋት በአንድ ስምንተኛ ያህል ይቀንሳል። ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ ከቀዳዳው ብረት የጠነከረ ስለሆነ ይህ ቅናሽ በቀላሉ ይቻላል፤ ለዚህም ነው ደረጃው ሙሉ 0.3 ሚሊ ሜትር የፈቀደው።

በሌላ በኩል ታፑ የሚቆርጠው ቦይ ከሥሩ ጠባብ፣ ወደ ቀዳዳው መሐል ሲቀርብ ግን ሰፊ ነው። ስለዚህ በጥርሱ ቁመት ላይ የሚጨመረው የመጨረሻው ጥቂት ልኬት ብዙ ብረት ማንሣትን ይጠይቃል፤ ለኤም 10 ቀዳዳው ከ8.5 ወደ 8.376 ሲጠብ የጥርሱ ቁመት በ8 በመቶ ያህል ሲያድግ፣ በእያንዳንዱ ዙር የሚቆረጠው ብረት ወደ 15 በመቶ ይጨምራል። ፍቅፋቂው በጠባቡ ቦይ ውስጥ ሲጨናነቅ ደግሞ ኃይሉ ከዚህም በላይ ይወጣል። ታፕ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ተራ ፑንታ ስለማይቆርጠው በልዩ መሣሪያ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት በሚበላ ማሽን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህም አንዳንዴ ከክፍሉ ዋጋ በላይ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚከተለው መመሪያ ግልጽ ነው። ለአሉሚኒየም፣ ጊዛ ለሚባለው ቀልጦ በቅርጽ ለሚቀዳ ብረትና ለተራ ብረት የሰንጠረዡ ፑንታ በቂ ነው፤ እንደ የማይዝግ ብረት ባሉ እየተቆረጡ በሚጠነክሩ ብረቶች ላይ ወይም በጣም ጥልቅ በሆነ ቀዳዳ ላይ ግን በወሰኑ ውስጥ ጥቂት የሰፋውን መምረጥ ታፑን ያድናል፤ ጥንካሬን ከፈለጉም መፍትሔው ቀዳዳውን ማጥበብ ሳይሆን የጥርሱን ርዝመት መጨመር ነው።

የጥልቀት ንባብ

ቀዳዳው ከወዲያኛው ወገን የማያልፍ ሲሆን ንድፉ ሁለት ጥልቀቶችን ይሰጣል፤ አንዱ የፑንታው፣ ሌላው የሙሉ ጥርሱ ነው። «8.5 ጥልቀት 25፤ ኤም 10 − 6ኤች ጥልቀት 20» የሚል ጽሑፍ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ 20 ሚሊ ሜትር ድረስ ሙሉ ጥርስ ይውጣ ማለት ነው። የፑንታው ጥልቀት የሚለካው ሙሉ ስፋቱን እስከያዘበት ድረስ እንጂ እስከ ሾጣጣው ጫፍ አይደለም፤ ጫፉ 118 ዲግሪ የሆነ የ8.5 ፑንታ ከዚያ በታች ተጨማሪ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሾጣጣ ጉድጓድ ስለሚተው፣ ከሥር ያለው ብረት ቀጭን ከሆነ ቀዳዳው ሳይታሰብ ሊያልፍ ይችላል።

በሁለቱ ጥልቀቶች መካከል ያለው 5 ሚሊ ሜትር ትርፍ አይደለም። የታፕ ጫፍ በቀላሉ እንዲገባ የተሾለ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ጥርሶቹ ጎዶሎ ናቸው። ለእጅ ሥራ የሚውለው ታፕ በአብዛኛው ሦስት ሆኖ በአንድነት ይሸጣል፤ በመጀመሪያው ላይ ከ7 እስከ 10፣ በሁለተኛው ላይ ከ3 እስከ 5፣ በመጨረሻው ላይ ከ1 እስከ 2 የሚደርሱ ጥርሶች ጎዶሎ ናቸው። ሁለተኛው ታፕ ብቻ ቢገባ በ1.5 ፒች ከ4.5 እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሙሉ ያልሆነ ጥርስ ከታች ይቀራል፤ የመጨረሻው ታፕ ግን ይህን ወደ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ያወርደዋል። ፍቅፋቂው የሚያርፍበት ቦታም ከዚሁ ትርፍ ይገኛል።

ሙሉ ጥርሱ ምን ያህል ይርዘም ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መነሻ የብረቱን ዓይነት ይከተላል፤ በብረት ውስጥ የብሎኑን ስፋት አንድ እጥፍ፣ በጊዛ አንድ እጥፍ ተኩል፣ በአሉሚኒየም ሁለት እጥፍ ያህል ይመከራል። ከዚህ በላይ ማርዘም የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ትልቁን ሸክም የሚሸከሙት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥርሶች ሲሆኑ፣ የተለመደው የኤም 10 ዳዶ ራሱ 8.4 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ይዞ ስድስት ዙር እንኳ ሳይሞላ ብሎኑን እስከ መበጠስ ድረስ ይይዛል።

ኢንች ሲገባ

የጥርስ ልኬት ወጥ ሆኖ አልተወለደም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ጎኖቹ 55 ዲግሪ የሆኑ ጥርሶችን በአንድ ሥርዓት እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ፤ አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1864 በፊላዴልፊያ 60 ዲግሪ የሆነና ለመሥራት የቀለለ ጥርስ አቀረበ። ሁለቱ ሥርዓቶች አለመግባባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በጦር መሣሪያ ምርትና ጥገና ላይ ከባድ ችግር ስለፈጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ 60 ዲግሪን ተቀብለው በአንድ የኢንች ጥርስ ተስማሙ።

በኢንች ሥርዓት ጥርሱ የሚገለጸው በፒች ሳይሆን በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ባሉ ጥርሶች ቁጥር ነው። ሩብ ኢንች − 20 ሲባል ስፋቱ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ፒቹ 25.4 ለ20 ሲካፈል 1.27 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ደንቡ እዚህም ስለሚሠራ ከ6.35 ላይ 1.27 ሲቀነስ 5.08 ይመጣል። የአሜሪካ ሰንጠረዥ ግን ለዚህ «ቁጥር 7» ፑንታን ይሰጣል፤ ይህም 7 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 0.201 ኢንች፣ ማለትም 5.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ሥርዓት ትንንሽ ፑንታዎች በቁጥር ሲጠሩ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፑንታው ይቀጥናል፤ ከእነሱ የሚበልጡት በላቲን ፊደላት፣ ሌሎቹ ደግሞ በኢንች ክፍልፋይ ይጠራሉ። የቶለራንስ ምልክቱም «2ቢ» የሚል ሲሆን፣ «ቢ» ቀዳዳን፣ «ኤ» ብሎንን ያመለክታል።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ጋራዥ ሲገናኙ አደገኛው ነገር መመሳሰላቸው ነው። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች፣ ማለትም ከ16 እጅ 5 እጅ ኢንች የሆነ ብሎን፣ 7.94 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ከኤም 8 በዓይን አይለይም፤ ሻካራው ፒቹ ግን 1.41 ሲሆን የኤም 8 ደግሞ 1.25 ነው። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ይነክሳል፤ በአምስት ዙር ልዩነቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ በኃይል ቢጠበቅ ጥርሱ ይበላል። የሚያስፈልጋቸው ቀዳዳም 6.5 እና 6.8 ሆኖ ይለያያል።

ዊትዎርዝ ያቀረበው 55 ዲግሪ ዛሬም በቧንቧ ጥርስ ላይ በሰፊው ይኖራል። ግማሽ ኢንች የሚባለው የውኃ ቧንቧ ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የውስጥ ስፋቱ ስለሆነ የጥርሱ ትልቁ ዲያሜትር 12.7 ሳይሆን 20.955 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች 14 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ ቀጥ ላለው ዓይነት የሚሆነው ቀዳዳ 19 ሚሊ ሜትር ነው። በቧንቧ ላይ ስሙን እንደ ልኬት የሚያነብ ሰው ከጅምሩ ይሳሳታል።

ልዩ ሁኔታዎች

ሁሉም ታፕ አይቆርጥም። ብረቱን እየገፋና እያፈሰሰ ጥርስ የሚቀርጽ፣ ፍቅፋቂ የማያወጣ ታፕ አለ፤ እንደ አሉሚኒየምና ለስላሳ ብረት ላሉ በቀላሉ ለሚለጠጡ ማዕድናት ያገለግላል። በዚህ አሠራር ከግድግዳው የተገፋው ብረት ወደ መሐል አብጦ የጥርሱን ጫፍ ስለሚሠራ ቀዳዳው ከመጀመሪያው ሰፋ ማለት አለበት፤ ከስሙ ላይ የሚቀነሰው የፒቹ ግማሽ ያህል ነው። ለኤም 6 ከ5 ይልቅ 5.5፣ ለኤም 10 ከ8.5 ይልቅ 9.3 ያህል ይበሳል። የተለመደውን ፑንታ ተጠቅሞ ይህን ታፕ ማስገባት የሚፈስበት ቦታ ያጣ ብረት ታፑን እንዲሰብር መፍረድ ነው። በሰንጠረዥ ላይ የታፑን ዓይነት ማረጋገጥ ከቁጥሩ በፊት የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ክፍሉ ዚንክ ወይም ሌላ ልባስ የሚቀባ ከሆነ ደግሞ ልኬቱ የሚመለከተው ከልባሱ በፊት ያለውን ነው ወይስ በኋላ ያለውን የሚለው መታወቅ አለበት። ልባስ የቀዳዳውን ትንሹን ዲያሜትር በውፍረቱ ሁለት እጥፍ ሲያጠብ፣ በ60 ዲግሪ ዘንበል ባሉት ጎኖች ምክንያት መካከለኛውን ዲያሜትር በአራት እጥፍ ያጠበዋል። 8 ማይክሮን ውፍረት ያለው ልባስ መካከለኛውን ዲያሜትር በ0.032 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ በ1.5 ፒች ላይ «6ጂ» ክልሉን ወደ ላይ የሚገፋውም ልክ በዚህ መጠን ነው።

በጥገና ላይ ደግሞ የተበላ ጥርስ በጥቅል ሽቦ ማስገቢያ ይታደሳል። ማስገቢያው በውስጥ በኩል የቀድሞውን ጥርስ እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳው ከብሎኑ ስም በላይ ይሰፋል፤ ለኤም 10 ወደ 10.4 ሚሊ ሜትር ተቆፍሮ ለማስገቢያው በተሠራ ልዩ ታፕ ጥርስ ይወጣለታል፤ ተራ የኤም 10 ታፕ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ አንዳች ነገር አይነካም።

ማረጋገጫው

ያለቀ ጥርስ የሚፈተነው «ሂድ» እና «አትሂድ» በሚባሉ ጥርስ ባላቸው መለኪያዎች ነው። የሚሄደው ወገን ጥርሱን በሙሉ ርዝመቱ በእጅ ተጠምዝዞ ማለፍ አለበት፤ የማይሄደው ወገን በሜትሪክ ጥርስ ከሁለት ዙር በላይ መግባት የለበትም። ነገር ግን የማይሄደው መለኪያ የሚፈትነው መካከለኛውን ዲያሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሹን ዲያሜትር አያይም። በ8.9 ፑንታ የተበሳ የኤም 10 ቀዳዳ በትክክለኛ ታፕ ጥርስ ቢወጣለት ሁለቱንም የጥርስ መለኪያዎች ሊያልፍ ይችላል፤ የጥርሱ ቁመት ግን 56 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ስፋቱም ከላይኛው ወሰን 0.2 ሚሊ ሜትር በላይ አልፏል። ይህ ጉድለት የሚገኘው ጥርስ በሌለው ለስላሳ ሲሊንደር መለኪያ፣ በታችኛውና በላይኛው ወሰን ልክ በተሠሩ ሁለት ጫፎች፣ ትንሹ ዲያሜትር ለብቻው ሲለካ ነው።

ስለሆነም ንድፍ አውጪው የጥርሱን ስም፣ ፒችና ቶለራንስ፣ የሙሉ ጥርሱንና የፑንታውን ጥልቀት፣ ልባስ ካለም ልኬቱ ከልባስ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን ይጽፋል፤ የፑንታው ስፋት፣ የታፑ ዓይነትና የሥራው ቅደም ተከተል የሠሪው ድርሻ ሆኖ ይቀራል፤ ተቆጣጣሪውም የሚፈርደው በየትኛው ፑንታ ተሠራ ብሎ ሳይሆን ሦስቱ ዲያሜትሮች በወሰናቸው ውስጥ አረፉ ወይ ብሎ ነው። በዚህ አነባበብ ለማይዝግ ብረት 8.6 ፑንታ፣ ለጊዛ ደግሞ 8.5 የመረጠና ያለቀውን ቀዳዳ ከ8.376 እስከ 8.676 መሆኑን ለክቶ ያረጋገጠ ባለሙያ በሁለቱም ሥራዎች ያከበረው አንዱንና ያንኑ የኤም 10 − 6ኤች ልኬት ነው።